የበረኛው ትንፋሽ

«አሁን ልብ በሉ» አለ ከበሮ የሚሉት የሟቹ ጓደኛ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ፤ «እዚህ ጋ ይጀምራል። እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አይተነፍስም።»

ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጡት ወጣቶች የፕላስቲክ ወንበራቸውን ወደሱ ሳብ ሳብ አደረጉ። ከስልኩ የሟቹ ድምፅ ወጣ፤ ፈጣን፣ ጥርት ያለ፣ አንዱ ቃል ሌላውን እያሳደደ። አሥራ ስድስት መስመር። አንዱ ጉልበቱ ላይ በጣቱ ምቱን ይቆጥራል፣ ሌላዋ ከንፈሯን ነክሳ ጭንቅላቷን ታወዛውዛለች። ሲያልቅ ሁሉም አየር ሳቡ።

«ሳንባ ነበረው እኮ» አለ አንዱ። «እንዲህ ያለ ሳንባ የያዘ ሰው እንዴት ይሞታል?»

እታለም የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስምንት ብርጭቆ። ይህን ስትሰማ ትሪውን ቅርብ ያገኘችው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወደ ማድቤት ተመለሰች። ማንም አላያትም፤ ሁሉም ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

እታለም የሚለው ስም መታወቂያዋ ላይ የለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ የጠራት ነው፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ተቀብሎት ዋናው ስሟ ተረስቶ ቀረ። አሁን ያን ስም ያወጣላት ልጅ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሞተ፣ ትናንት ቀበሩት፣ ስሙ ግን እሷ ላይ ቀረ። ጎረቤት ሁሉ እያቀፈ «አይዞሽ እታለም» ሲላት ጥርሷን ነክሳ ነው የምትቀበለው።

ማድቤት ውስጥ አክስቷ ዳቦ እየቆረጠች ነበር። «ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለቻት።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ቁጭ በይ እስቲ። ከሆስፒታል ከመጣሽ ጀምሮ ቁጭ ስትዪ አላየሁሽም።»

ከሆስፒታል ከመጣች ጀምሮ አልተቀመጠችም፣ እውነት ነው። እዚያ ኮሪደሩ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም አስቁሟት ነበር። የወንድሟ እኩያ ቢሆን ነው፤ መነጽሩን በጋዋኑ ጫፍ እየጠረገ ነው ያናገራት። «ልቡ ከተጎዳ ቆይቷል። ከልጅነቱ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይሄ በአንድ ቀን የሚደርስ ነገር አይደለም» አላት። ከዚያ መነጽሩን አጠለቀና ጠየቃት። «እቤት ውስጥ ትንፋሽ ሲያጥረው አላያችሁም? ሲናገር መሃል ላይ ቆም ማለት? ደረጃ ሲወጣ?»

«አላየንም» አለችው።

አላየችም፣ በርግጥ። ሰምታ ነበር። ሰምታ ብቻ አይደለም፣ ለክታው ነበር፤ በሴኮንድ ክፋይ።

እታለም የማስታወቂያ ድምፅ በሚቀረጽበት ስቱዲዮ ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሳሙና፣ የፍራሽ፣ የቀለም፣ የብስኩት። ማስታወቂያው ሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ መግባት አለበት፤ አንባቢው ደግሞ ጎሮሮውን ጠራርጎ፣ ግርማ ሞገሱን አስተካክሎ፣ ሠላሳ አምስት ላይ ይጨርሳል። ያቺ አምስት ሴኮንድ የምትገኘው ከትንፋሽ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቃል ተራራ ሆኖ ይታያል፣ ትንፋሽ በሁለት ተራራ መሃል ያለች ጉብታ ናት። ጉብታዋን ትመርጣለች፣ ትሰርዛለች፣ ተራሮቹን ታገናኛለች። በስቱዲዮው ቋንቋ ይሄ «ቆሻሻ መጥረግ» ነው የሚባለው። አለቃዋ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የሚደግማት ንግግር አለችው፤ «እኛ አየር አንሸጥም።» ከሁሉ የእታለም እጅ ንጹሕ ነው ይባላል። ጓደኞቿም አንቺ ጋ ደውሎ በስልክ መተንፈስ ያስፈራል እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

የወንድሟንም አልበም የጠረገችው እሷ ናት። አሥር መዝሙር፣ የመጀመሪያ አልበሙ፣ ሊለቀቅ አሥር ቀን ሲቀረው ነው የሞተው። ጓደኛው ከበሮ፣ ያ ጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቱ የማያወልቀው ልጅ፣ ምቱን ሠራ። ቀብር ላይም አላወለቀውም። ግጥሙን ሟቹ ጻፈ። ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር የሚሠራው፤ የተበላሸ ቅጂ አይጥልም፣ ጀርባው ላይ ይጽፍበታል። የአንዱ ዲፕሎማ ጀርባ ላይ ምስጋና፣ የአንዷ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ጀርባ ላይ ንስሐ። የሞተውም እዚያው ነው፤ ማሽኑ ወረቀት እየተፋ ሳለ «አንዴ አረፍ ልበል» ብሎ ካርቶን ላይ እንደተቀመጠ።

በዚያው በሁለተኛው ቀን የወንድሟ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ መጡ።

ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ነው የገቡት። ሰው ከወንበሩ ተነሣላቸው። ከእናትየው አጠገብ ተቀምጠው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ። ጸሎቱ ውስጥ «ልጃችን» የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ ተነሣ። እታለም ቆጥራለች፤ መቁጠር ልማዷ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በር ላይ ያቆሙት ልጅ፣ በተቀበረ በማግስቱ ልጃቸው ሆኖ አረፈው።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። የጎዳናውን ራፕ ትቶ በዚያው ምት ለእግዚአብሔር መዘመር ጀምሮ ነበር፤ በጉባኤ ፊት ላገልግል ብሎ ጠየቀ። ኮሚቴ ፊት አቀረቡት። ሁለት ደቂቃ ሰሙት። «ወንድማችን፣ ጸጋው እንዳለህ አይተናል፤ ጉባኤው ግን ለሂፕ ሆፕ ገና አልደረሰም። ለጊዜው በአስተናጋጅነት ብታገለግል» አሉት። ለጊዜው የተባለው አራት ዓመት ሆነ። እሑድ እሑድ ደረቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ በር ላይ ይቆማል፤ ጃንጥላ ይቀበላል፣ አሮጊቶችን ክንዳቸውን ይዞ ያስቀምጣል፣ የሚያለቅስ ሕፃን ይዛ የምትወጣ እናት ስትመጣ በሩን ይከፍታል። እታለም በሱ ፈንታ ትበግን ነበር፤ እሱ ይስቃል። እንዲያውም ስም አደረገው፤ አልበሙ ላይ የሚወጣበት ስሙ «በረኛው» ነው። አክስቱ መጀመሪያ ስትሰማ «ለየትኛው ቡድን ነው የምትይዘው?» ብላው እስኪያለቅስ ስቋል።

መጋቢው ጸሎቱን ጨርሰው ሻይ ቀመሱና ወደ እታለም ዞሩ። «እህታችን፣ አንድ ነገር አስበናል። እሑድ የመታሰቢያ ፕሮግራም አለን። አልበሙን ጉባኤው ሁሉ በአንድነት እንዲሰማው። በትልቁ ድምፅ ማጉያ።»

«ጉባኤው ደረሰ ማለት ነው?» አለች።

ሽማግሌዎቹ የሻይ ብርጭቆአቸውን መመልከት ጀመሩ። መጋቢው ግን ሰው ማጽናናት የለመዱ ናቸው፤ አልተቆጡም። «ሐዘን ላይ ነሽ፣ ተናገሪ። ይገባኛል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዲት መዝሙር ብቻ አለች። ዘጠነኛዋ። ወጣቶቹ በስልክ ሲቀባበሏት ሰምተናታል። ልጅነት ነው፤ እኛ አንቀየምም። ግን ብዙ ሰው ባለበት ጥያቄ ታስነሣለች።»

«ልቁረጣት?»

«ብትቆረጥ መልካም ነው።»

«እቆርጣታለሁ» አለች እታለም። «ሥራዬ ነው።»

መጋቢው ባረኳት። ነገ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሳቸው መጥተው እንደሚወስዱ ነግረዋት ወጡ። ጥግ ላይ የነበረው ከበሮ ዓይኑ ቀልቶ አያት። አክስቷ ግን ማድቤት ድረስ ተከትላት መጣች።

«ምን ነክቶሽ ነው እሺ ያልሻቸው? ልጁ እኮ ከሁሉ እሷን ነበር የሚወዳት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከሷ የባሰ ቆርጬበታለሁ አክስቴ። አንዲት መዝሙር ምን ያህል ናት?»

አክስቷ ነገሩ አልገባትም። ሐዘን ምላስን እንደሚያስት ታውቃለችና ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች።

ሳሎን ውስጥ እናትየው ለጎረቤቶቿ እያወራች ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የምታወራው ስለ ሕፃኑ ነው፤ ስለ ትልቁ ሰው አንድም ቃል አልወጣትም። «ደረቱ ያፍነው ነበር» ትላለች። «እንደ ድመት ግልገል ሲያንኮራኩር ከዚያኛው ክፍል ሆኜ እሰማዋለሁ። ብድግ ብዬ መስኮቱን እከፍትለታለሁ። ንፋሱ ፊቱን ሲነካው ቀስ እያለ ይተወዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ጠፋለት። አደገና ተወው ብዬ ስለት ሁሉ አድርሻለሁ።»

እታለም ማድቤት ውስጥ ሆና ጆሮዋን ልትዘጋ ምንም አልቀራትም።

የተቀረጸው እዚሁ ቤት ነው፣ በሱ ክፍል፣ ስምንት ወር ፈጅቶ። የስቱዲዮው አለቃ ከሥራ ሰዓት ውጪ መጠቀም አልፈቀደላትም። ስለዚህ የሱን ቁም ሳጥን ከፈቱ፣ ልብሱን ወደ ጎን ገፉ፣ ብርድ ልብስ ሰቀሉ፣ ማይክሮፎኑን በመሃል አቆሙ። ችግሩ መስኮቱ ነበር። ማዶ ብረት በያጅ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሲፈጭና ሲቀጠቅጥ ነው የሚውለው። እታለም የፍራሽ ስፖንጅ በልኩ ቆርጣ መስኮቱ ላይ ጠቀጠቀችና ዙሪያውን በፕላስተር አሸገችው። ዝንብ የምታስገባ ቀዳዳ አልቀረም። እናታቸው አንገቷን አስግጋ «መስኮት ታሽጎ የሚጸለይ ምን ዓይነት ጸሎት ነው?» አለች። በበሩ የሚሾልከውን ስትሰማም «ምነው ይሄን ያህል መጣደፍ? እግዜርስ ሰምቶ ይጨርሰዋል?» ትል ነበር። ሲያልቅ ሙሉውን ትሰሚያለሽ አሏት። አልሰማችም እስካሁን።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት መዝሙሮች ሲቀርጹ በአንድ ትንፋሽ አራት መስመር ይል ነበር። እታለም ጉብታዎቹን ሰረዘች፣ የለመደችውን። አምስተኛው ላይ ሁለት መስመር ሆነ። ሰባተኛው ላይ በየመስመሩ ማብቂያ አየር ይስባል፣ አሳሳቡም ድምፅ አለው። ጆሮ ማዳመጫዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ «ሲጋራ ጀመርክ እንዴ?» አለችው።

«እርጅና ነው እታለም» አላት፣ ኮቶቹ ላይ ተደግፎ እየሳቀ። ላብ አጥምቆት ነበር። ሙቀቱ ነው አለች በልቧ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ በብርድ ልብስ ተከቦ የማይልበው ማን ነው?

ከዚያ በኋላ ዘዴ አበጀች። «አንድ አንድ መስመር በል። ተቀመጥ፣ ውኃ ጠጣ፣ ቀጥለህ ሁለተኛውን በል። እኔ እገጥመዋለሁ» አለችው። ገጠመችው። ያ አሥራ ስድስት መስመር፣ ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው የሚሰሙት፣ አንድ ቀን ሙሉ የፈጀ ነው። በመሃሉ አሥራ አምስት ጊዜ ተቀምጧል፤ ሁለቴ ደግሞ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። እሷ ጥርት አድርጋ ሰፋችው፤ ስፌቱን ራሱ ከበሮ አላወቀውም። ያን ቀን በእጇ ኮርታ ነበር የዋለችው። አሁን ትዝ የሚላት ይሄ ነው፤ መኩራቷ።

ዘጠነኛዋን የቀረጹት ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። የመጨረሻውን መስመር ብሎ ሲያበቃ አንድ ትንፋሽ ወጣው። እታለም ልትሰርዘው ጣቷን ስታነሣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ተናገረ።

«ይቺን ተያት።»

«የቷን?»

«የመጨረሻዋን። አሁን የተነፈስኳትን።»

«ታፏጫለች እኮ። ቆሻሻ ናት።»

«ደክሞኝ ነው። ይሰማ። አራት ዓመት በር ላይ የቆመ ሰው ሳይደክመው ቢቀር ማን ያምነዋል?»

«ሰው የሚሰማው ቃሉን ነው። አየር አንሸጥም» አለችው።

ሰረዘቻት። እሱም እየሳቀ አንገቱን ከብርድ ልብሱ መሃል ብቅ አድርጎ «እሺ ዶክተር» አላት። አንድ ነገር በቆረጠች ቁጥር እንዲህ ነበር የሚላት።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ። ተከራይተው ካመጧቸው ወንበሮች ግማሾቹ ተደራርበው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ሐዘንተኛ ቤት ውስጥ መጥፎው ቀን ይሄ ነው፤ ሰው ሲበዛ እንባህን ይጋፋሃል፣ ሲሳሳ ደግሞ የሞተው ሰው ቦታ ይታያል። ከምሳ በኋላ አክስቷ ሳሎን ጋደም ስትል እታለም ወደ ወንድሟ ክፍል ገባች።

ሁሉም እንደነበረ ነው። አልጋው አልተነጠፈም። ቁም ሳጥኑ ክፍት ነው፣ ብርድ ልብሶቹ ተሰቅለዋል፣ ማይክሮፎኑ አፍ ሊቀርበው እንደሚጠብቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ክፍሉ የታሸገ ነው፤ የልጁ ሽታ ከውስጥ አልወጣም። እታለም ወንበሯን ስባ ኮምፒውተሩን ከፈተች። አሥሩ መዝሙሮች በተርታ ተደረደሩ። መጋቢው ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ። ዘጠነኛዋን መርጣ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አደረገች።

በሩ ተከፈተና እናቷ ገባች። ከቀብር ወዲህ እዚህ ክፍል ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ትራሱን አነሣችና ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አሰሚኝ» አለች።

«ከየቱ ልጀምርልሽ እማዬ?»

«ከምትቆርጪው።»

እታለም ተጫነችው። የከበሮ ምት ቀስ ብሎ ገባ፤ ከዚያ እሱ መጣ።

«ጃንጥላ ተቀባይ ነኝ፣ ዝናብ የማያልቅብኝ፣
ውስጥ ስምህ ሲዘመር በስንጥቅ የሚደርሰኝ፤
የት ነህ ጌታዬ ስል ውስጥ ነው አሉኝ ዋሽተው፣
ለካ ከኔ ጋር ቆመሃል፣ ገብተዋል አንተንም ትተው።»

እናትየው ዓይኗን ጨፍና ሰማች። አንዳንዱ ቃል ሲያመልጣት ግንባሯ ይኮማተራል፤ «ትተው» ሲል ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ገብቷታል። መዝሙሩ አለቀ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ስፖንጁ የበያጁን ድምፅ እንኳ አላስገባም።

«ድምፁ ነው» አለች እናትየው። «እሱ ግን አይደለም።»

«እሱ ነው እማዬ። እዚሁ ነው የቀረጽነው።»

«የት ጋ ነው የሚተነፍሰው?»

እታለም ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች።

«ሃያ ስድስት ዓመት ስሰማው ነው የኖርኩት» አለች እናቷ። «ሊናገር ሲል መጀመሪያ ትንፋሹ ይመጣል። ስልክ ሲደውልልኝ ሃሎ ከማለቱ በፊት እሱ መሆኑን የማውቀው በዚያ ነው። እዚህ ውስጥ የለም። ምን አደረጋችሁት?»

«እኔ ነኝ» አለች እታለም። ድምጿ ራሷን ገረማት፤ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ድርቅ ያለ ነበር። «እኔ ቆረጥኩት። በሥራችን ይቆረጣል። እያጠረው ነበር እማዬ። ከአምስተኛው መዝሙር ጀምሮ እያጠረው ነበር። ሰምቼዋለሁ። በየሳምንቱ እየባሰበት ሲሄድ እሰማው ነበር። መስመሩን እንዳያበላሽብኝ ብዬ እያስቀመጥኩ አስባልኩት። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ደግሞ አላየንም አልኩት።»

እናትየው ትራሱን አጥብቃ ያዘች። ልትመታት ትችል ነበር፤ ብትመታት እታለም ይቀላት ነበር።

«ሰምተሽ ነበር» አለች።

«ሰምቼ ነበር።»

«ለኔ አልነገርሽኝም።»

«ቆሻሻ ነበር የመሰለኝ።»

«መስኮቱን ዘግተሽበት» አለች እናቷ፣ በጣም ቀስ ብላ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። አንቺ ምን ታውቂ ነበር አላለችም፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አላለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ያላት እሱን ነበር። እታለም ለቅሶዋ የመጣው ያኔ ነው፤ በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አፏን በእጇ አፍና። እናቷ አላባበለቻትም። እስክትጨርስ ጠበቀቻት ብቻ።

«ጣልሽው?» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«የቆረጥሽውን።»

«አይጣልም። ጥሬው ቅጂ አለ።»

«መልሺው።»

እታለም ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ጥሬውን ቅጂ ከፈተች። ዘጠኝ ዓመት ስትሰርዝ የኖረች እጅ መመለስ አላወቀችበትም፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ከዚያ ለመደችው። ተራሮቹን አላቀቀች፣ በመሃል ቦታ ሠራች፣ ጉብታዋን ወደ ቦታዋ መለሰች። አንድ። ሁለት። ሦስት። እያንዳንዷን ስትመልስ ታውቃታለች፤ ይቺ ውኃ ከጠጣ በኋላ ያለችው፣ ይቺ ሲሳሳቅ የነበረ ጊዜ፣ ይቺ ኮቶቹ ላይ ተደግፎ። መዝሙሩ ረዘመ፣ ከምቱ ጋር መግጠም ተወ፣ አንዳንዱ መስመር ዘግይቶ ይገባል። በስቱዲዮው ሕግ ተበላሽቷል።

በሩ ተንኳኳ። አክስቷ ናት። «መጋቢው መጥተዋል። የተባለውን ልውሰድ ነው የሚሉት።»

እታለም እናቷን አየች። እናቷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሣችም።

«ይጠብቁ በያቸው» አለች። «እሱም ጠብቋል።»

«እዚያው በር ላይ ናቸው እኮ፣ አልቀመጥም ብለው።»

«ይሁን።»

«አሥሩንም ከነትንፋሹ ነው የምሰጣቸው» አለች እታለም። «ዘጠነኛዋም አለች። ንገሪያቸው አክስቴ።»

«ካልፈለጉ ይተዉት» አለች እናቷ።

የአክስትየዋ እግር በኮሪደሩ ራቀ። እታለም የመጨረሻዋን ጉብታ ፈልጋ አገኘቻት፤ ተያት ያላት። ከሁሉ ትረዝማለች። ከ«ትተው» በኋላ አስቀመጠቻት፣ ድምፁን ከፍ አደረገችና ከመጀመሪያው አስነሣችው።

አሁን ሌላ ሰው ነው የሚዘምረው። ይቸኩላል፣ ይደክመዋል፣ ይነሣል። በየመስመሩ ማብቂያ አየር ፍለጋ ሲሄድ ይሰማል፤ ያገኛል፣ ያገኘው አይበቃውም፣ በዚያው በማይበቃው ሌላ መስመር ይጀምራል። «ልጄ» አለች እናትየው አንዴ፣ ለራሷ። «ገብተዋል አንተንም ትተው» አለ ድምፁ፣ ምቱም ቆመ። ከዚያ ያቺ የመጨረሻዋ መጣች፤ ከታች እየተጎተተች፣ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር እየታከከች፣ ጫፏ ላይ እያፏጨች።

ሳትጨርስ እናትየው ተነሥታ ነበር። ትራሱ ከጭኗ መሬት ወደቀ። ሁለት እርምጃ ተራምዳ መስኮቱ ጋ ደረሰች፣ ፕላስተሩን በጥፍሯ ቧጥጣ ላጠችው፣ ስፖንጁን መንጭቃ አወጣችው፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። የበያጁ ጩኸትና የከሰዓት በኋላው ንፋስ አንድ ላይ ገቡ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የተሰቀሉትም ብርድ ልብሶች ተነቃነቁ። እናትየው ፊቷን ወደዚያ መልሳ፣ መስኮቱን ንፋስ እንዳይዘጋው በእጇ ደግፋ ቆመች።